ታሪካዊ ልብ ወለድ ለመጻፍ ለምትነሡ ልጆች

ከየት እንጀምር እያላችሁ ለምትጠይቁኝ፣ መልሴ ሁሌም አንድ ነው። ቤታችሁ ካሉት ሽማግሌዎች ጀምሩ። መዝገብ ቤቱ የትም አይሄድም። አያታችሁ ግን ነገ ዛሬ ስትሉ ያመልጧችኋል።

ስትጠይቁ ደግሞ «ዘመኑ እንዴት ነበር?» አትበሉ። እንዲህ ብሎ የጠየቀ ሰው «ደግ ነበር» ወይም «ክፉ ነበር» ከመባል ሌላ አያገኝም። ትንንሹን ጠይቁ። ማታ መብራት የሚያበራው ማን ነበር? ልጅ ሲታመም ማን ጋ ይኬዳል? እኔ አያቴን ስለ እሳት ጠይቄያቸው ነበር። ማታ ፍሙን አመድ ውስጥ ያዳፍኑታል፤ ጠዋት አመዱን ገለጥ አድርገው ጭራሮ ያስጠጉና እፍ እፍ ይሉበታል። የጠፋበት ከጎረቤት ይጭራል። ይህን ሲነግሩኝ ጣቶቻቸው አመድ እንደሚገልጡ ሁሉ ይንቀሳቀሱ ነበር። አንድ ምዕራፍ የወጣልኝ ከዚያ ነው፤ እሳት ልትጭር የወጣች ልጅ መንገድ ላይ የምታገኘው ሰው አለ፣ የምትሰማው ወሬ አለ፣ ስትዘገይ ደግሞ ቤት የሚጠብቃት ቁጣ አለ።

በትዝታ ብቻ ግን አይጻፍም፤ ማጣራት አለባችሁ። ክብሪትን እንኳ ውሰዱ። ተጭሮ የሚነደውን ክብሪት እንግሊዛዊው ጆን ዎከር መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1827 ነው። በ1700 የኖረ ገጸ ባሕሪ ክብሪት ሲጭር ያየ አንባቢ ሌላውንም አያምናችሁም። ቀን ራሱ ያሳስታል። ሮም ውስጥ በ1582 የኦክቶበር 4 ማግስት ኦክቶበር 15 ነበር፤ የዘመን አቆጣጠሩ ሲታረም በመሃል ያሉት 10 ቀናት ተዘለሉ። እንግሊዝ ለውጡን የተቀበለችው ገና በ1752 ነው። እንግዲህ በዚያ መሃል ከሮም ለንደን የሚጻጻፉ ሰዎች ካሏችሁ፣ ለንደን ገና የድሮውን ቀን ስለምትቆጥር፣ ከሮም የተላከው ደብዳቤ ከእውነቱ ፈጥኖ የደረሰ ሊመስል ይችላል። የአየሩንም ነገር እዩ። ኢንዶኔዥያ ያለው የታምቦራ እሳተ ገሞራ በ1815 ፈንድቶ፣ ወደ ሰማይ የረጨው የፀሐይን ሙቀት ስለ ጋረደ፣ በ1816 አውሮፓ ሙቀት በሚጠበቅበት ወራት በረደ፣ ሰብልም ተበላሸ።

ያጣራችሁትን ሁሉ ግን ገጹ ላይ አትዘርግፉት። ለአንባቢ የሚበቃው ትንሽ ነው።

«ጸሐፊ ከቤተሰብ ካልራቀ አይጽፍም» የሚሉትን አልቀበልም። እኔ ልጆቼን እያሳደግሁ ነው የጻፍሁት። ሰው ሳይነሣ በማለዳ ጻፉ፤ ጥቂትም ብትሆን በየቀኑ። ልጅ መጥቶ ካቋረጣችሁ ደግሞ ተነሡለት፤ አረፍተ ነገሩ ይጠብቃል። የወጣቶች ረቂቅ ብዙ ይደርሰኛል፣ በጣም ጎበዞች አሉ፣ ግን ንጉሡና ጦር አበጋዙ ከጠዋት እስከ ማታ ሲነጋገሩ ልብስ የሚያጥብ፣ ውሃ የሚቀዳ፣ የሚያለቅስ ሕፃን የሚያባብል አንድ ሰው የለም። ጦርነት በታወጀበት ቀንም እኮ ልጅ ይርበዋል! ይሄን የሚያውቀው ቤት ውስጥ የሚውል ሰው ነው።

አንድ የምለምናችሁ ነገር አለ። አክስታችሁ አምና የነገረቻችሁን ገመና ስሟን ቀይራችሁ ብታወጡት አልተደበቀም፤ ዘመድ አዝማድ ያውቀዋል። ከመታተሙ በፊት ቁጭ ብላችሁ አንብቡላት። አይታተም ካለች፣ ምዕራፉ የቱንም ያህል ቢያምር ከመጽሐፉ ሰርዙት።