ወደ ኦሞ ሸለቆ መሄድ ላሰባችሁ፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ታችኛው ኦሞ ሸለቆ ጉዞ የጠየቃችሁኝን ሰብስቤ መልሻለሁ። ሥራዬ እንግዳ ይዞ ወደዚያ መውረድ ስለሆነ የማውቀውን ሳልሸፋፍን እነግራችኋለሁ።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ዘጠኝ ቀን እረፍት አለን። ከአዲስ አበባ ተነስተን ጉዞውን እንዴት እንከፋፍለው?

መጀመሪያ የገበያ ቀን ቁጠሩ። ቀይ አፈር ሐሙስ፣ ዲመካ ቅዳሜ፣ ቱርሚ ሰኞ ገበያ ይቆማል። ስለዚህ ማክሰኞ በጠዋት ተነስታችሁ አርባ ምንጭ እደሩ። ረቡዕ በማለዳ ጫሞ ሐይቅ ላይ በጀልባ ዞር ዞር በሉና ከሰዓት ኮንሶ ግቡ። ሐሙስ ቀይ አፈር ገበያ ውላችሁ ጂንካ እደሩ። ዓርብ ማጎ ፓርክ፣ ቅዳሜ ዲመካ፣ እሁድ ከቱርሚ ተነስታችሁ ካሮዎች ዘንድ ኮርቾ መንደር፣ ሰኞ የቱርሚ ገበያ። የቀሩት ሁለት ቀናት መመለሻ ናቸው።

ገበያን የማስቀድመው በምክንያት ነው። መንደር ስትሄዱ ሰው ሥራውን ትቶ እናንተን ያስተናግዳል። ገበያ ላይ ግን ሁሉም ለራሱ ጉዳይ ነው የመጣው። ሐመሩ፣ በናው፣ ጸማዩ ቅቤ፣ ማር፣ ማሽላና የቡና ገለባ ይሸጣል፣ ይገዛል፣ ዘመድ ያገኛል። እናንተም ቅል ትገዛላችሁ፣ ትከራከራላችሁ፣ ትስቃላችሁ። በእኔ እምነት ትውውቅ እንዲህ ሲጀመር ነው የሚያምረው።

ኦሞ ብሔራዊ ፓርክንም እንጨምር ካላችሁኝ አይሆንም እላለሁ። ከወንዙ በስተምዕራብ ያለ፣ 4,068 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ፓርክ ነው። መግቢያ መንገዱ አስቸጋሪ ስለሆነ ለብቻው ጉዞ ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ ማሳይ ማራ ሄጄ አውቃለሁ። ማጎም እንደዚያ ዝሆንና አንበሳ በቅርብ አያለሁ?

ወንድሜ፣ ይህን ብለህ ከሆነ የምትሄደው ቅር ይልሃል። ማጎ 2,162 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ አብዛኛው ጥቅጥቅ ያለ የግራር ቁጥቋጦ ነው። ዝሆን፣ ጎሽ፣ አንበሳና ነብር አሉበት። ግን ለረጅም ጊዜ ስለታደኑ የመኪና ድምፅ ሲሰሙ ይሸሻሉ። ካየህ ዕድለኛ ነህ። ብዙ ጊዜ የሚታዩት እንሹ፣ አምባራይሌ፣ ዝንጀሮ፣ ከርከሮና ጅግራ ናቸው።

የማጎ ደስታ ሌላ ነው። ጎህ ሲቀድ ከስካውቱ፣ ማለትም ከፓርኩ ጠባቂ ጋር ግባ። እሱ መኪናው ውስጥ ሆኖ መንገዱን ያነባል። ድንገት «አቁም» ይልና ይወርዳል። የዝሆን ፋንድያ በእጁ ፈርክሶ ያያል። ውስጡ እርጥብና ለብ ያለ ከሆነ ዝሆኑ ሩቅ አይደለም። ዝሆኑን ባታየውም፣ ያችን ግማሽ ሰዓት ድምፅህን አጥፍተህ ስትጠብቅ ጫካውን በደንብ ትሰማዋለህ።

እርግጠኛ ነገር ከፈለግህ ግን ጫሞ አለልህ። ፀሐይ ሞቅ ስትል አዞዎቹ ዳር ወጥተው ይሞቃሉ፤ ከ5 ሜትር የሚበልጡ አሉ። ጀልባ ነጂው ከጉማሬ ራቅ ሲል «ጠጋ በል» አትበለው። ነጭ ሣር ሜዳ ላይ ደግሞ የሜዳ አህያ ታያለህ።

ጥያቄ፦ በራሴ ቪትዝ ብሄድስ?

እስከ ጂንካ አስፋልት ነው፣ ትደርሻለሽ። ማጎ ውስጥና ኮርቾ ግን በቪትዝ አይታሰብም። ጂንካ ወይም ቱርሚ ላይ ላንድክሩዘር ከነሾፌሩ ተከራዪ።

ጥያቄ፦ የሚመቸኝ በሐምሌና በነሐሴ ነው። ክረምት አይደለም እንዴ?

የአዲስ አበባ ክረምት እዚያ ክረምት አይደለም። የደቡብ ኦሞ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ በጥቅምትና በኅዳርም ይዘንባል። ሐምሌና ነሐሴ ጥሩ ናቸው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት አጋማሽም እንደዚሁ፣ ሙቀቱን ከቻልክ።

ዝናብ ላይ ከወደቅህ ደራሽ ውሃ ተጠንቀቅ። በጠዋት አሸዋ ብቻ ሆኖ ያለፍከው ወንዝ፣ ደጋ ላይ ስለዘነበ ብቻ ከሰዓት በኋላ ሞልቶ ይጠብቅሃል። ሾፌሩ «እንጠብቅ» ካለ ጠብቅ። ውሃው በሰዓታት ውስጥ ይጎድላል።

ጥያቄ፦ የስድስት ዓመት ልጅ ይዤ ልሄድ ነው። ወባው ያስፈራኛል።

መፍራትሽ ልክ ነው። ቆላ ነው፣ ወባ አለ። ከመሄድሽ በፊት ሐኪም ዘንድ ሄደሽ ለልጁ ክብደት የሚሆን የመከላከያ መድኃኒት አስጽፊ። ቢጫ ወባ ክትባትንም እዚያው ጠይቂ። አጎበር ራስሽ ያዢ፤ የሆቴሉ የተቀደደ ሊሆን ይችላል። ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ካለው፣ ወር አልፎም ቢሆን ደም አስመርምሪና የት እንደነበራችሁ ለሐኪሙ ንገሪ።

ማጎ ውስጥ ደግሞ ጼጼ ዝንብ አለ። ጥቁርና ሰማያዊ ቀለም ይስበዋል፣ የሚሄድ መኪናም ይከተላል፣ በልብስ ላይም ይነክሳል። ልጁን ፈዛዛ ቀለም ያለውና እጀ ረጅም ልብስ አልብሺው። ፓርኩ ውስጥ መስኮት ይዘጋ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የሐመሮችን ከብት ዝላይ ማየት በጣም እፈልጋለሁ። መቼ ልምጣ?

ልጄ፣ ቀን ቆርጬ ልነግርሽ አልችልም። ቀኑን የሚወስነው ወደ ጎልማሳነት ለመሸጋገር በተደረደሩ ከብቶች ጀርባ ላይ የሚዘለው ልጅ ቤተሰብ ነው፤ ብዙ ጊዜ አዝመራ ከገባ በኋላ ይሆናል። ጥሪውም የሚሄደው በገመድ ነው። ለተጋባዡ ቋጠሮ ያለበት ገመድ ይላክለታል፤ በየቀኑ አንድ ቋጠሮ ይፈታል፣ ሲያልቅ ይነሳል። «በዚህ ቀን አሳይሻለሁ» ብሎ ከወር በፊት ገንዘብ የሚጠይቅሽን አትመኚው። ዲመካ ወይም ቱርሚ ሁለት ሦስት ቀን ቆይተሽ በሐመር አስጎብኚ በኩል አጠያይቂ። ካለ ይነገርሻል።

ካገኘሽ ከዝላዩ በፊት የሚሆነው ሊከብድሽ ይችላል። የልጁ እህቶችና ዘመዶች ጥሩምባ እየነፉ፣ እየጨፈሩ በአለንጋ እንዲገረፉ ራሳቸው ይጠይቃሉ። ጠባሳው በእነሱ ዘንድ ፍቅርና ውለታ ነው፤ ወንድም ያንን እያየ ወደፊት ሊረዳት ይገደዳል። ልብሽ ካልቻለ ራቅ ብለሽ ጥላ ሥር ተቀመጪ። ማታ ግን ቆዪ። ከቡና ገለባ የሚፈላው ሸፎሮ በቅል ሲቀርብልሽ በሁለት እጅሽ ተቀበይ።

ጥያቄ፦ ሙርሲዎች ለፎቶ ብር ይጠይቃሉ፣ ይጨቃጨቃሉ ይባላል። መሄዱ ይጠቅማል?

እስቲ በእነሱ በኩል እንየው። መኪና ይመጣል፣ ሰው ይወርዳል፣ ስሟን እንኳ ሳይጠይቅ ፊቷ ላይ ካሜራ ይደቅናል፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይሄዳል። በማግስቱም ሌላ መኪና። እንዲህ ከሆነ ገንዘቡን አጥብቃ ብትጠይቅ ምን ይገርማል? ጎብኚ የሚከፍለው ጎላ ላለው ጌጥ ስለሆነ፣ በዘወትር ኑሯቸው የማያደርጉትን ቀንድና ሣር ሁሉ ጭንቅላታቸው ላይ የሚደረድሩ አሉ። ይኸኛው ለካሜራ የተሠራ ነው። የከንፈር ሸክላው ግን የራሳቸው ነው፤ ልጅቷ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆናት ይጀመራል።

የእኔ ምክር ይህ ነው፦ ካሜራውን መኪና ውስጥ ተወው። የሙርሲ ቋንቋ የሚችል አስጎብኚ ያዝ። ክፍያውን ከመንደሩ ሽማግሌ ጋር ባንዴ ጨርስ። ከዚያ ተቀመጥና ስለ ከብት ጠይቅ። ስለ በሬው ቀለም ስታነሳ ወሬው ራሱ ይመጣል። ፎቶውን መጨረሻ ላይ፣ አስፈቅደህ አንሳ። ከቻልክ ተፈቅዶልህ ከስካውት ጋር አንድ ሌሊት እደር፤ ከሰዓት ጎብኚው ሲሄድ መንደሩ ሌላ ነው። ይህን ጊዜ ከሌለህ ግን ባትሄድ እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ለሕፃናቱ ከረሜላና እስክሪብቶ ልያዝ?

አትያዝ። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ቀርተው መኪና ያባርራሉ። መስጠት ከፈለግህ ለትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ስጥ።

ጥያቄ፦ ድሮን ይዤ መግባት እችላለሁ?

ያለ ፈቃድ ኤርፖርት ላይ ይያዝብሻል። የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርን አስቀድመሽ ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ካሮዎች ኦሞ ወንዝ ዳር ያርሳሉ ሲባል ሰምቻለሁ። አሁንም አለ?

ኮርቾ ገደሉ ላይ ቆመህ ቁልቁል ስታይ ወንዙ ሲጠማዘዝ ይታይሃል። ቀድሞ ወንዙ በየዓመቱ ሞልቶ ዳርቻውን ያጥለቀልቅ ነበር። ሲጎድል ካሮው እርጥቡ ደለል ላይ ማሽላ ይዘራል። ከላይ በኩል ወንዙ ላይ የተሠራው ጊቤ 3 ግድብ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ሙላቱ እንደ ድሮው አይመጣም፤ ማሽላውም በዚያው ልክ ቀንሷል። ገደሉ ላይ ፎቶ አንስተህ ከመመለስህ በፊት አንድ አዛውንት ስለ ማሳቸው ጠይቅ። ያሳዝናል፣ ግን የዚያ ቦታ ትልቁ ጉዳይ ይህ ነው።

ጥያቄ፦ ፀጥታውስ?

ሁኔታው ከወር ወር ይለያያል። ወደ ኮንሶም ሆነ ከዚያ በታች ከመነሳታችሁ በፊት የአካባቢውን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ደውላችሁ ጠይቁ፤ አርባ ምንጭ ስትደርሱም ከዚያ የሚመለሱ ሾፌሮችን ጠይቁ። ማታ አትንዱ። ከብት መንገድ ላይ ያድራል፣ ብትገጩም ባለቤቱን ፈልጎ ማስማማት ቀን ይፈጃል። ዝርዝር ብርም ከአርባ ምንጭ ያዙ፤ ከጂንካ ወዲያ የገንዘብ ማውጫ ማሽን (ኤቲኤም) ላይ አትተማመኑ።