ከፋሲካ በኋላ ያለው ሰኞ

በውጭ አገር የምንኖር ክርስቲያኖች የፋሲካን ማግስት እናውቀዋለን። በ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ 12 ቀን በዓሉን ከምዕራባውያን ጋር በአንድ ቀን አከበርን እንጂ፣ አብዛኛውን ጊዜ የእኛ የሚመጣው የእነርሱ ካለፈ በኋላ ነው። ሌሊቱን በቅዳሴ አድሮ፣ ዓይኑን ሳይከድን ወደ ሥራ የሚሮጠው ወገን ብዙ ነው። ይህ አድካሚ ቢሆንም ያልፋል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው፤ ሃምሳ አምስት ቀን በጾምና በጸሎት ጸንቶ የከረመው ሰው በዓሉ ባለፈ በሳምንቱ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ መጥፋቱ ነው።

ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ፣ መንፈስ ቅዱስ እስከ ወረደበት በዓል ድረስ፣ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ አይጾምም፣ ስግደትም የለም። ጾሙ ሲፈታ ግን ጸሎቱ አብሮ አይፈታም። በዐቢይ ጾም ከሥራ በፊት ዳዊት የምትደግሙባት ሩብ ሰዓት ከነበረቻችሁ አትልቀቋት። ሉቃስ ምዕራፍ 24ን፣ ዮሐንስ ምዕራፍ 20ን እና 21ን አንብቡባት፤ ከዚያ ወደ ሐዋርያት ሥራ እለፉ። መጽሐፉ 28 ምዕራፍ ብቻ ስለሆነ፣ በቀን አንድ ምዕራፍ ብታነቡ ከጰራቅሊጦስ በፊት ትጨርሱታላችሁ።

በተለይ ዮሐንስ 21 ለእኛ ለስደተኞች የተጻፈ ይመስለኛል። ጴጥሮስና ባልንጀሮቹ የጌታን ትንሣኤ አይተዋል፤ ሆኖም ወደ ዓሣ ማጥመዱ ተመለሱ። ሌሊቱን ሙሉ ደክመው ምንም ሳይዙ ነጋ። ጌታ የተገለጠላቸው በቤተ መቅደስ አይደለም፤ በሥራ ቦታቸው፣ ከሌሊት ሥራ ሲመለሱ፣ ባሕሩ ዳር ነው። የከሰል ፍም አንድዶ፣ ዓሣና እንጀራ አዘጋጅቶ «ኑ፥ ምሳ ብሉ» አላቸው። ጴጥሮስን «ትወደኛለህን?» ብሎ የጠየቀውም በልተው ካበቁ በኋላ ነው፤ «እወድሃለሁ» ሲለው ደግሞ ወዲያው የሚጠብቃቸው በጎች ሰጠው። ሌሊት የምትሠሩ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ይህን ምዕራፍ ከሥራ ስትወጡ አንብቡት።

ብዙዎቻችን በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት እንሠራለን። ስሟን እንኳ በቅጡ የማታስታውስ እናት ሌሊት አሥር ጊዜ ደወል ስትደውል፣ ለአሥረኛው ጥሪ እንዴት እንደምንገባ እግዚአብሔር ያያል። በር አንኳኩቶ መግባት፣ በስሟ መጥራት፣ ሰውነቷን ስናጥብ የማይታጠበውን ክፍል በአንሶላ መሸፈን፣ ውኃው እንዳይቀዘቅዝባት በእጅ መሞከር፤ የትንሣኤ ምስክርነታችን እዚህ ላይ ነው። ያልሠራነውን ሰዓት እንደሠራን አድርገን አለመሙላትም እንደዚሁ። ባልደረቦቻችን ስለ እምነታችን ባይጠይቁን እንኳ አሠራራችንን ያዩታል።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። በእነዚህ ሃምሳ ቀናት አንዱ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ሲል ሌላው «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» ብሎ ይቀበለዋል፤ እንዲህ እየተቀባበሉ «ፍሥሐ ወሰላም» ላይ ይደርሳሉ። ተቀባይ ከሌለ ሰላምታው አይሞላም። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ተለያይተው የኖሩት የቤተ ክርስቲያናችን ሁለቱ ሲኖዶሶች (የጳጳሳት ጉባኤዎች)፣ የአገር ቤቱና የስደቱ፣ በዋሽንግተን ሲታረቁ ብዙዎቻችን በደስታ አልቅሰናል። አባቶች ታረቁ፤ እኛ ግን ዛሬም በአስተዳደር፣ በፖለቲካና በብሔር ተኳርፈን እንኖራለን። ከአንድ ጽዋ የተቀበሉ ሁለት ሰዎች ከቅዳሴ ወጥተው፣ መኪና ማቆሚያው ላይ እንዳይተያዩ አንዱ መኪናው ውስጥ ሆኖ ሌላው እስኪሄድ ይጠብቃል። ይህ እጅግ ያሳዝነኛል። ያኮረፋችሁት ሰው ካለ ስልክ አንሡና ሰላምታውን እናንተ ጀምሩ። ማን በደለ፣ ማን ተበደለ የሚለውን በመጀመሪያው ቀን አትክፈቱት። ላይመልስላችሁ ይችላል፤ ለጰራቅሊጦስ ደግማችሁ ደውሉ። እምቢ ካለም የንስሐ አባታችሁን አማላጅ አድርጉ፤ በአገራችን ሽማግሌ ሳይላክ ጠብ መቼ ይበርዳል?

ልጆቻችሁንም በዚህ ወቅት አትርሷቸው። ግእዙን ባይሰሙ አትቆጧቸው፤ በሚገባቸው ቋንቋ የሉቃስን የኤማሁስ መንገደኞች ታሪክ ንገሯቸው፤ ጌታን ያወቁት በማዕድ ላይ ነውና በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ስልክ ተዘግቶ፣ ጸሎት ተደርጎ አብራችሁ ብሉ።

ከጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ ጾመ ሐዋርያት ይገባል፤ እስከ ሐምሌ 5፣ እስከ ጴጥሮስና ጳውሎስ በዓል ይዘልቃል። በሰሜኑ ዓለም በዚያን ጊዜ ቀኑ እጅግ ይረዝማል፤ የሥራ ፈረቃውም ይለያያል። ስለዚህ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ለንስሐ አባታችሁ ደውሉና የሥራ ሰዓታችሁን፣ ሕመም ካለባችሁም መድኃኒታችሁን በግልጽ ንገሯቸው፤ እስከ ስንት ሰዓት እንደምትጾሙ እርሳቸው ይወስኑላችኋል። የንስሐ አባት የሌላችሁ ደግሞ በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ አጥቢያችሁ ካህን ቀርባችሁ ጠይቁ።