ናሙናውን አትጣሉት

ውድ ልጆቼ፣

ሥነ ሕይወትን ወዳችሁ የመረጣችሁም፣ በምደባ ደርሷችሁ ሳትወዱ የገባችሁበትም፣ ይህ ደብዳቤ ለሁላችሁም ነው። ሁለተኞቹ እንደምትበዙ አውቃለሁ፤ አልቀየማችሁም። ነፍሳትንና ዕፅዋትን ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቤቴ ድረስ መጥተው የሚያማክሩኝ ወጣቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት «ጋሼ፣ ይህ ትምህርት የት ያደርሰናል?» ብለው ነው። ቀጥለውም ላቦራቶሪ መግባት እንደሚያምራቸው፣ ጫካ ለጫካ መዞር ግን እንደማያጓጓቸው በትሕትና ይነግሩኛል።

እኔ የምመልስላቸው እንዲህ ነው። ሐኪሙም፣ መርማሪ ፖሊሱም፣ የሰፈሩ አስተማሪም አንድ ቀን ደጃችሁን ያንኳኳሉ። ይዘውት የሚመጡት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ይህ ምንድን ነው?» የሚል። ለዚህ ጥያቄ ሳይገምት፣ ማስረጃውን አስቀምጦ መልስ የሚሰጥ ሰው ብርቅ ነው። እንድትሆኑልኝ የምፈልገው እሱን ነው።

አገራችን ያለችው በሞቃቱ የምድር ቀጠና ነው፤ ከፍታዋ ግን ብዙ አገር አድርጓታል። ዳሎል ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል፤ ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር በላይ ይወጣል። ከጎባ ተነስታችሁ የሳነቴን አምባ አቋርጣችሁ ወደ ሐረና ስትወርዱ፣ ጅብራ ከቆመበት ውርጭ ተነስታችሁ ቡና በራሱ ጊዜ ወደሚበቅልበት የደን ጥላ ግማሽ ቀን ሳይሞላ ትደርሳላችሁ። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ምዝገባ እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 ሲጠናቀቅ 6,000 ያህል ዝርያዎች ተጽፈዋል፤ ከአሥሩ አንዱ ያህል ከዚህ ውጭ የትም አይገኝም። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሥራው ሠላሳ ዓመት ገደማ የፈጀው ሰዎቹ ሰንፈው አይደለም። እያንዳንዱ ስም የሚቆመው ተጨፍልቆ በደረቀና ወረቀት ላይ በተሰፋ ቅጠል ላይ ስለሆነ፣ የደረቁ ዕፅዋት ከሚቀመጡበት ከአዲስ አበባው ብሔራዊ ሄርባሪየም እስከ እንግሊዙ ኪው፣ ስዊድኑ ኡፕሳላና ጣሊያኑ ፍሎረንስ ድረስ ያንን ደረቅ ቅጠል ማገላበጥ ነበረባቸው።

ደረቅ ቅጠል ምን ይጠቅማል ለምትሉ የአጣጥን ነገር ላጫውታችሁ። አጣጥን የማያውቅ የገጠር ልጅ የለም፤ እሾሁ ልብስ ይይዛል፣ ለአጥር ይሆናል፣ ቅጠሉም ለመድኃኒት ይወቀጣል። በ1960ዎቹ የአሜሪካ ተመራማሪዎች የካንሰር መድኃኒት ፍለጋ ከብዙ አገር ዕፅዋት ሲያሰባስቡ፣ ከኢትዮጵያ የአጣጥ ወገን የሆነ ቁጥቋጦ ወሰዱ። በ1972 ሞሪስ ኩፕቻን የተባለው ኬሚስትና ባልደረቦቹ ከዚያ ውስጥ ሜይታንሲን የሚባል ንጥረ ነገር አወጡ። ንጥረ ነገሩ በኢምንት መጠን የካንሰርን ሕዋስ ይገድላል። ነገር ግን ከተክሉ የሚገኘው እጅግ ጥቂት ነው። ታዲያ ለሙከራ የሚበቃ ከየት ይምጣ? የተሰበሰበው ዝርያ በስሙ ይታወቅ ስለነበር ዘመዶቹን አንድ በአንድ መፈተሽ ተቻለ፤ በኬንያ ሺምባ ኮረብታዎች የሚበቅለው የቅርብ ዘመዱም የተሻለ መጠን ይዞ ተገኘ። ከረጢቱ ላይ «አንድ እሾሃማ ቁጥቋጦ፣ ከኢትዮጵያ» ብቻ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ነገር እዚያው ይቀር ነበር።

በሕሙማን ላይ ሲሞከር መርዝነቱ በረታና ለጊዜው ተተወ። በ1977 ግን የጃፓን ተመራማሪዎች የሜይታንሲን ቤተ ዘመድ የሆነ ንጥረ ነገር ከአፈር ባክቴሪያ ወገን አገኙ፤ በፋብሪካ ጋን ሊመረት የሚችል ምንጭ ተገኘ ማለት ነው። ቀጥሎ የመጡት ደግሞ መርዙን ለብቻው በደም ውስጥ ከመልቀቅ ይልቅ፣ የጡት ካንሰርን ሕዋስ ለይቶ ከሚይዝ አንቲቦዲ ከሚባል ፕሮቲን ጋር አሰሩት። ትራስቱዙማብ ኤምታንሲን የተባለው ይህ መድኃኒት በ2013 በአሜሪካ ተፈቀደ። ቅጠሉ ከተቆረጠበት ቀን አንሥቶ አንድ ጎልማሳ ሥራ ይዞ ጡረታ እስኪወጣ ያህል ጊዜ አልፏል። ይህን የምነግራችሁ ነገ «አጣጥ ካንሰር ያድናል» ብላችሁ ገበያ እንድትወጡ አይደለም፤ እባካችሁ እንዳታደርጉት። በተክሉ ውስጥ ያለው ነገር በራሱ መርዝ ነው።

የእንዶድን ታሪክ ትምህርት ቤት ሳትሰሙት አልቀራችሁም። ሳይንቲስቱ አክሊሉ ለማ በ1964 በዓድዋ ወንዝ ዳር፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ለዓመታት ሠርተውበት በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ። በዚያው ዓመት ያንኑ ሽልማት መላኩ ወረደ በእህል ዘር ጥበቃ ሥራው መቀበሉን ግን ብዙዎቻችሁ የምታውቁ አይመስለኝም። ስለ እንዶድ ሌላ የማይነገር ነገርም አለ፤ በኋላ አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በሐይቆቻቸው የተባዙ ቅርፊት ለበስ ፍጥረታትን በእንዶድ ስለማጥፋት የፈጠራ መብት አውጥቶበታል። ወደዚህ ጉዳይ እመለሳለሁ።

ለሕክምና የሚጠቅመው መድኃኒት የሚሆነውን ማወቅ ብቻ አይደለም፤ በሽታ የሚያመላልሰውንም መለየት ነው። እኛ ስለ ወባ ስንማር የምናውቃት ዋነኛዋ ትንኝ አኖፊሊስ አረቢየንሲስ ነበረች፤ ዝናብ ጥሎ ኩሬ ሲያቁር የምትራባ። በ2012 ጅቡቲ ላይ፣ በ2016 ደግሞ በቀብሪ ደሃር ሌላ ትንኝ ተገኘች፤ ከእስያ የመጣችው አኖፊሊስ ስቴፈንሲ። ይህቺኛዋ ከተማ ትወዳለች፤ በርሜል፣ ሮቶና የግንባታ ውኃ ማጠራቀሚያ ይበቃታል፤ ዝናብ አትጠብቅም። በ2022 በድሬዳዋ በደረቅ ወቅት የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ከእርሷ ጋር የተያያዘ መሆኑን ጥናት አሳይቷል። ለመሆኑ እንዴት ታወቀች? ትንኟን በአጉሊ መነጽር አይቶ «ይህቺ የምናውቃት አይደለችም» ያለ ሰው ስለነበረ ነው፤ የዘረመል ምርመራው ያንን አጸናው።

እዚህ ላይ ላቦራቶሪ ለሚናፍቁት አንድ ቃል ልናገር። ከ2003 ወዲህ አንድን ዝርያ በአጭር የዘረመል ቁራጭ መለየት ተለምዷል፤ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ተማሩት። ነገር ግን ማሽኑ የሚያወጣላችሁ የፊደላት ሰልፍ ትርጉም የሚኖረው ቀደም ሲል ዐዋቂ ለይቶ ካስቀመጠው ናሙና ጋር ሲመሳከር ነው። ከእኛ አገር ነፍሳት እጅግ ብዙዎቹ በዚያ ማኅደር ውስጥ የሉም። ማኅደሩን የሚሞላው ማን ነው? መረብ ይዞ የወጣ ሰው ነው።

ቁንጭርንም እዩት። ፊትን የሚያበላሸው ይህ የቆዳ በሽታ በደጋችን የሚኖረው በገደል ድንጋይ መካከል በሚውሉ ሽኮኮዎች ውስጥ ነው፤ ከእነሱ ወደ ሰው የምታመጣው ደግሞ ትንሿ የአሸዋ ዝንብ ናት። ሽኮኮውን፣ ዝንቧንና ገደሉን የማያውቅ ሐኪም ቁስሉን ሊያክም ይችላል፤ የሚቀጥለው ልጅ ለምን እንደሚታመም ግን አይገባውም።

በሰሜን ምዕራብ ትግራይ የሆነውም እንዲሁ ነው። በ2000ዎቹ የገጠር ሰዎች ሆዳቸው እያበጠ በጉበት በሽታ ይሞቱ ነበር፤ መጠጥም፣ የታወቀ ቫይረስም ምክንያት ሆኖ አልተገኘም። ብዙ ከተፈለገ በኋላ ጥርጣሬው ያረፈው ከእህሉ ጋር አብሮ በሚሰበሰብ አጌራተም በሚባል አረም ላይ ነው፤ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ አለው። ለገበሬው አረም አረም ነው፤ ለእናንተ ግን እንደዚያ ሊሆን አይገባም። የአስተናግር ፍሬ የበላ ልጅ ድንገተኛ ክፍል ሲመጣ፣ የዓይኑ ብሌን ሰፍቶ፣ አፉ ደርቆ፣ የሌለ ነገር እያየ ይቀባዥራል። ከትፋቱ ውስጥ የወጣችውን ዘር አይቶ «ይህ አስተናግር ነው» የሚል ሰው አጠገቡ ካለ ሐኪሙ ግማሽ መንገድ ሄደ። ልጁ ሳይሆን የተመረዘ አዋቂ ቢሆንና ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቢደርስ፣ ያቺው ዘር በጠርሙስ ተዘግታ ማስረጃ ትሆናለች።

አሁን ስለ ዝንብ፤ ምግብ ላይ ከሆናችሁ ቆይታችሁ አንብቡት።

በሬሳ ላይ ቀድመው የሚደርሱት እነዚያ አረንጓዴና ሰማያዊ የሚያብረቀርቁ ዝንቦች ናቸው። ቀን ከሆነና መግቢያ ካገኙ በሰዓታት፣ አንዳንዴም በደቂቃዎች ውስጥ ደርሰው በዓይን፣ በአፍንጫ፣ በአፍና በቁስል ዙሪያ እንቁላል ይጥላሉ። ትሉ ይፈለፈላል፣ ሁለት ጊዜ ቆዳውን ጥሎ ያድጋል፣ ከዚያ ከሬሳው ርቆ አፈር ውስጥ በመግባት ቡናማ ሽፋን ይለብሳል፤ ከዚያ ሽፋን አዲስ ዝንብ ይወጣል። የዕድገቱ ፍጥነት በዝርያውና በሙቀቱ ይወሰናል። ስለዚህ በዕድሜ የገፋውን ትል፣ ዝርያውንና የቦታውን ሙቀት ያወቀ ሰው፣ ዝንቦቹ ከደረሱ ቢያንስ ስንት ቀን እንደሆነ ማስላት ይችላል። ለቅዝቃዛ አገር የተሠራ ሠንጠረዥ ይዞ ጋምቤላ መውረድ ግን አደጋ ነው፤ ጋምቤላ የተለካውን ይዞ ደብረ ብርሃን መውጣትም እንደዚያው። በእኛ ከፍታ ለእኛ ዝንቦች የሚሆን መለኪያ የሚያዘጋጅ ሰው ገና ብዙ ሥራ ይጠብቀዋል። ክሪሶሚያ አልቢሴፕስ የሚባለው ዝንብ ደግሞ ጸጉር የመሰለ ሾጣጣ ነገር ያለው ትል አለው፤ ያ ትል ቀድመው የመጡትን የሌሎች ዝንቦች ትሎች ይበላል። እሱን ያልለየ ባለሙያ ቀዳሚው ማስረጃ ተበልቶ መጥፋቱን ሳያውቅ ይቆጥራል። የቀናት ስሕተት ደግሞ በፍርድ ቤት ቀላል አይደለም፤ ተጠርጣሪው ያኔ ከተማ ውስጥ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው በዚያ ሊወሰን ይችላል።

አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ናሙና በታሰረ ፌስታል ተልኮልኝ ነበር። ትሎቹ በገዛ እርጥበታቸው በስብሰዋል፤ ከየት፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ሙቀት እንደተነሡ የሚገልጽ ወረቀት የለም። ላኪውን አልወቅስም፤ ያስተማረው አልነበረም። እናንተ ግን ተማሩ። ትሎቹን ለሁለት ክፈሉ። ግማሾቹን በሚያቃጥል ውኃ ገድላችሁ ወዲያው 80 በመቶ ገደማ በሆነ አልኮል አስቀምጡ፤ በቀጥታ አልኮል ውስጥ ከገቡ ይጨማደዳሉ፣ ይጠቁራሉ፣ ርዝመታቸውም አይታመንም። ግማሾቹን አየር በሚገባበት ዕቃ ከሥጋ ጋር በሕይወት አሳድጉ፤ ዝንቡ ሲወጣ ዝርያውን መለየት ይቀላል። መለያውን በእርሳስ ጻፉና ጠርሙሱ ውስጥ ክተቱት፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይታጠባል። (ካቲካላ አይበቃም፤ ጥንካሬው ያንሳል፣ ጠባቂውንም ይፈትናል።)

የዱር እንስሳት ወንጀልም በዚሁ ዕውቀት ላይ የቆመ ነው። ኢትዮጵያ በ2015 ከ6 ቶን በላይ የዝሆን ጥርስ አቃጥላለች። እንዲህ ያለ ጥርስ ሳይቃጠል በፊት ዘረመሉ ሊነበብና ከየትኛው የአፍሪካ ክፍል እንደተገደለ ሊታወቅ ይችላል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ካርታ የተሠራው ሰዎች ከአገር አገር እየዞሩ የዝሆን ፋንድያ ስለሰበሰቡ ነው። ፋንድያ የናቀ ሰው ለዚህ ሙያ አይሆንም።

አስተማሪ ለምትሆኑት፦ ልጆች የሩቅ አገር እንስሳ በሥዕል ሲያጠኑ አያለሁ፤ ግቢያቸው ውስጥ ያለውን ወፍ ግን ስሙን አያውቁም። ብዙ ገንዘብ አያስፈልጋችሁም። አሮጌ ጋዜጣ፣ ሁለት ጣውላ፣ ገመድ፣ ከላይ የሚጭን ድንጋይ፤ ትምህርት ቤቱ የራሱ ሄርባሪየም አለው ማለት ነው። በአጥቢያው ያለ የቤተ ክርስቲያን ደን ደግሞ፣ በተለይ በደቡብ ጎንደር፣ ዙሪያው ሁሉ ሲታረስ የቀረ የዛፍ ቤተ መጻሕፍት ነው። ካህናቱን አስፈቅዳችሁ ግቡ።

ስለ ማስፈቀድ ካነሣሁ፣ የባህል ሐኪሞችን በተመለከተ ጠንከር ብዬ ልናገር። እኚያ አዛውንት የሚነግሯችሁ ነገር የእሳቸው ነው። ኮሶን በምን ያህል መጠን መስጠት እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ሕይወት የሚያተርፍ ዕውቀት ይዟል፤ ኮሶ ከልኩ ካለፈ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም። ስማቸውን ሳትጽፉ፣ ሳታስፈቅዱ፣ ወደ ውጭ መጽሔት የምትልኩት ከሆነ ቀማችሁ እንጂ አላጠናችሁም። አዋጅ ቁጥር 482/1998 (ይህኛው በእኛ አቆጣጠር ነው) የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አጠቃቀምን ይገዛል፤ ናሙና ከአገር ከማውጣታችሁ በፊት አንብቡት። የእንዶድን ጉዳይ ያስታወስኳችሁ ለዚህ ነው።

ሥራውስ? «የፎረንሲክ (የወንጀል ምርመራ) ነፍሳት ባለሙያ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስትጠብቁ እንዳታረጁ። በጤና ምርምር፣ በዕፅዋት ኳራንታይን፣ በዱር እንስሳት ጥበቃ፣ በመምህርነት ግቡ፤ ሰዎች ነገር ሲቸግራቸው ማን እንደሚያውቅ በፍጥነት ይደርሱበታል። ደመወዙ አያበለጽግም፤ ይህን ደብቄ ላማልላችሁ አልፈልግም።

ክረምቱ ወጥቶ አደይ ሲፈነዳ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ፣ ብዙው ተክል ያብባልና ያኔ ውጡ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ከፍታውን፣ የአበባውን ቀለምና የአካባቢውን ሰው አጠራር እዚያው ቆማችሁ ጻፉ፤ ቀለሙ ሲደርቅ ይጠፋል፣ «ማታ እጽፈዋለሁ» ያላችሁትም እንደዚያው። የማታውቁት ከገጠማችሁ ከአንዱ ተክል ሁለት ሦስት ቅርንጫፍ ውሰዱ፤ አንዱ ለብሔራዊው ሄርባሪየም፣ ሌላው ለትምህርት ቤታችሁ ይሁን። ቅጠል ብቻ ይዛችሁ ግን አትምጡ፤ አበባ ወይም ፍሬ ከሌለው ማንም በእርግጠኝነት አይለይላችሁም።

ጡረተኛው መምህራችሁ