ማን ጠየቀ? ማን ከለከለ? ለወጣት የኮምፒውተር ባለሙያዎች

ውድ ልጆቼ፣

በኮምፒውተር ጥገናና በተጠቃሚ ድጋፍ ሥራ ረጅም ዓመት ቆይቻለሁ። እናንተ አዲስ የገባችሁትን ሳይ ደስ ይለኛል። ፈጣኖች ናችሁ፤ ያላወቃችሁትን ለመፈለግ አትሰንፉም። አንድ ልማዳችሁ ግን ያስጨንቀኛል። ሶፍትዌር ስትጭኑ «አክሰስ ዲናይድ» (ፈቃድ ተከልክሏል) ሲላችሁ ያገኛችሁትን መከላከያ ሁሉ ታጠፋላችሁ። አንቲቫይረሱ ይዘጋል። ዩኤሲ፣ ማለትም ፕሮግራም ከፍ ያለ ሥልጣን ሲፈልግ ዊንዶውስ ፈቃድ የሚጠይቅበት መከላከያ፣ ይጠፋል። ፎልደሩ ላይ ለ«ኤቭሪዋን»፣ ማለትም ለማንኛውም ተጠቃሚ፣ ሙሉ ፈቃድ ይሰጣል። ሶፍትዌሩ ይጫናል፣ ባለቤቱ ያመሰግናል፣ እናንተም ወደ ሌላ ሥራ ትሄዳላችሁ። ያ ኮምፒውተር ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ለማንም ክፍት ነው።

እባካችሁ ይህን ተዉ።

«አክሰስ ዲናይድ» የሚለው መልእክት ሲመጣ አንድ ፕሮግራም የሆነ ነገር ልሥራ ብሎ ጠይቋል፣ ሲስተሙም አይሆንም ብሎታል። እናንተ ማወቅ ያለባችሁ ማን እንደጠየቀ፣ ምን እንደጠየቀና ማን እንደከለከለ ነው። ሦስቱ ሲታወቁ ማስተካከያው አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ነገር ሆኖ ይገኛል።

ማን ጠየቀ ከሚለው ልጀምር። ሰው በብዛት የሚደናገረው እዚህ ጋ ነው። «እኔ እኮ አድሚን ነኝ፣ እንዴት ይከለክለኛል?» የሚል ሰው በየጊዜው ያጋጥማችኋል። እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ ከቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አሠራሩ ተለውጧል። አድሚን (የኮምፒውተሩ አስተዳዳሪ) የሆነ ሰው ኮምፒውተሩን ከፍቶ ሲገባ ዊንዶውስ ሁለት ዓይነት ሥልጣን ያዘጋጅለታል፤ አንዱ ሙሉ፣ ሌላው የተቀነሰ። ፕሮግራሞች በተለምዶ የሚነሱት በተቀነሰው ነው። ሙሉው ሥራ ላይ የሚውለው ያ ፈቃድ የሚጠይቀው መስኮት መጥቶ «የስ» ሲባል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ኢንስቶለሩን (ሶፍትዌሩን የሚጭነውን ፋይል) ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ራን አዝ አድሚኒስትሬተር» በሉት። ብዙው ችግር እዚሁ ያበቃል። ዩኤሲን ማጥፋት ለዚህ አያስፈልግም።

የአድሚን ፓስወርድ የሌላችሁ ከሆነ ደግሞ ያለውን ሰው ጠይቁ። መሥሪያ ቤቱ የከለከለው አስቦበት ሊሆን ይችላል። መተላለፊያ ዘዴ መፈለግ የእናንተ ሥራ አይደለም።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ተራ አካውንት የሚጠቀም ሰው ጋ ሄዳችሁ የእናንተን የአድሚን ስምና ፓስወርድ ስታስገቡ፣ ኢንስቶለሩ የሚሠራው በእናንተ ስም ነው። አንዳንድ ሶፍትዌር «ለእኔ ብቻ ወይስ ለሁሉም ተጠቃሚ?» ብሎ ይጠይቃል። «ለእኔ ብቻ» ካላችሁ የሚገባው እናንተ አካውንት ውስጥ ነው። ሰውየው በነጋታው ይደውልና «የጫናችሁልኝ የለም» ይላል። እውነቱን ነው፤ እሱ ጋ የለም። በኔትወርክ የተያያዙ ድራይቮችም እንዲሁ ናቸው። ተጠቃሚው የሚያየውን ድራይቭ በአድሚን የተነሳው ኢንስቶለር ላያየው ይችላል። ኢንስቶለሩን መጀመሪያ ወደ ኮምፒውተሩ ዲስክ ገልብጡት፣ ከዚያ ጀምሩት።

በተቃራኒው፣ አድሚን የማያስፈልገው ሶፍትዌርም ብዙ ነው። ተጠቃሚው በራሱ አካውንት ከፍቶ «ለእኔ ብቻ» ካለ፣ ሶፍትዌሩ የራሱ ፎልደር ውስጥ ይገባል፤ ማንንም ማስፈቀድ አይጠበቅበትም። ኮምፒውተሩን የሚጠቀመው አንድ ሰው ከሆነና መሥሪያ ቤቱ ካልከለከለ እኔ ይህንን እመርጣለሁ።

ቀጥሎ ምን እንደተጠየቀ እዩ። ፕሮግራም ፋይልስ፣ የዊንዶውስ ፎልደርና መላው ኮምፒውተር የሚጋራው የሬጅስትሪ (የዊንዶውስ ሴቲንጎች መዝገብ) ክፍል የአድሚን ፈቃድ ይፈልጋሉ። መልእክቱ ላይ ያለውን ቁጥርና የፋይል ስም ሳታነቡ አትዝጉት። 5 ማለት ፈቃድ ተከልክሏል ነው። 80070005 የሚል ረጅም ቁጥር ካያችሁም መጨረሻው ላይ ያለችው ያቺው 5 ናት። 32 ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ፋይሉን ሌላ ፕሮግራም ይዞታል። 1303 ኢንስቶለሩ ፎልደሩን ለመንካት ሥልጣን አነሰው ማለት ነው። 1406 ሬጅስትሪ ላይ መጻፍ አልተቻለም ማለት ነው። 1603 ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፤ ሎግ ፋይሉን (የጭነቱ ሂደት የተመዘገበበትን ፋይል) ከፍታችሁ «ሪተርን ቫልዩ 3» የሚለውን ፈልጉ፤ ትክክለኛው ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ መስመር ትንሽ ከፍ ብሎ ተጽፏል።

የቆየ ሶፍትዌር ስታሻሽሉ 5 ቁጥር ከመጣ ወዲያው ወደ ፈቃድ አትሩጡ። እየሠራ ያለን ፕሮግራም ፋይል ለማጥፋት ሲሞከር ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ የሚመልሰው ይህንኑ 5 ነው። አሮጌው ቨርዥን ከሰዓቱ አጠገብ ባለችው ትንሽ ምልክት ተደብቆ፣ ወይም እንደ ሰርቪስ ከበስተጀርባ እየሠራ ይሆናል። ታስክ ማኔጀር ውስጥ ፈልጉና ዝጉት፤ ካልሆነ ሪስታርት አድርጉ።

አሁን ከልካዩ ማን እንደሆነ እንይ። ከልካዩ ሁልጊዜ የፎልደሩ ፈቃድ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከዊንዶውስ 10 የ2017 ማሻሻያ ወዲህ ዲፌንደር (የዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ) ውስጥ «ኮንትሮልድ ፎልደር አክሰስ» የሚባል መከላከያ አለ። ከተከፈተ የማያውቀው ፕሮግራም ዶክመንትስን በመሳሰሉ የተጠበቁ ፎልደሮች ላይ እንዳይጽፍ ያግዳል። ዴስክቶፕም ከተጠበቁት ፎልደሮች አንዱ ከሆነ፣ ኢንስቶለሩ ሁሉንም ጨርሶ እዚያ አይከን ሲያስቀምጥ የሚከለከልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የዲፌንደርን የጥበቃ ታሪክ ክፈቱ። ያገደው እሱ ከሆነ እዚያ ተጽፎ ታገኙታላችሁ፤ ለዚያ ፕሮግራም ብቻ ፍቀዱለት። አንቲቫይረሱ የከለከለው ላይሰንሱ በሕገወጥ መንገድ የተሰበረ ሶፍትዌር ከሆነ ግን ተውት። እዚያ ላይ መከላከያው ልክ ነው።

ብዙዎቻችሁ የማታውቁት ሌላ ከልካይም አለ። በ«ኤም ኤስ አይ» ፋይል የሚመጡ ሶፍትዌሮችን የሚጭነው የዊንዶውስ ኢንስቶለር ሰርቪስ ነው። ይህ ሰርቪስ የሚሠራው «ሲስተም» በሚባል አካውንት ነው። አንድ ሰው የፎልደሩን ፈቃድ ሲነካካ «ሲስተም»ን ከዝርዝሩ አውጥቶት ከሆነ፣ እናንተ አድሚን ብትሆኑም አይጫንም። «ሲስተም»ን ወደ ቦታው መልሱት።

በግምት ሳይሆን በዓይናችሁ አይታችሁ መሥራት ከፈለጋችሁ «ፕሮሰስ ሞኒተር»ን ልመዱ። ከማይክሮሶፍት ሲስኢንተርናልስ በነፃ ይገኛል። ውጤታቸው «አክሰስ ዲናይድ» የሆኑትን ብቻ እንዲያሳያችሁ አጥሩትና ኢንስቶለሩን ጀምሩ። የትኛው ፕሮግራም፣ በየትኛው አካውንት፣ የትኛውን ፋይል እንደጠየቀ ይዘረዝርላችኋል። ብዙዎቹ መስመሮች ጉዳት የላቸውም፤ ኤረሩ ከመምጣቱ ጥቂት ቀደም ብለው የታዩትን እዩ። ለጀማሪ አንድ መሣሪያ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህን ነው።

አሁን መጀመሪያ ላይ ስላነሳሁት «ኤቭሪዋን ፉል ኮንትሮል»፣ ማለትም ለሁሉም ሙሉ ፈቃድ ስለመስጠት፣ ልንገራችሁ። ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ፕሮግራሞች እንደ ሰርቪስ የሚነሱት በ«ሲስተም» ሥልጣን ነው። ያንን ፋይል ማንም እንዲቀይረው ከፈቀዳችሁ፣ ተራ ተጠቃሚ ወይም በእሱ አካውንት የገባ ቫይረስ በራሱ ፋይል ሊተካው ይችላል። ሰርቪሱ ዳግመኛ ሲነሳ የተተካው ፋይል በ«ሲስተም» ሥልጣን ይሠራል። የመላውን ሲ ድራይቭ ባለቤትነት ወደ ራሳችሁ ስም ማዞርም ያው ነው። የሲስተም ፋይሎች ባለቤት «ትረስትድ ኢንስቶለር» የተደረገው አድሚንም ቢሆን በቀላሉ እንዳይነካቸው ተብሎ ነው። አንዴ ካበላሻችሁት ሁሉንም ወደነበረበት የሚመልስ አንድ በተን የለም። ዊንዶውስን እንደ አዲስ እስከ መጫን ሊያደርሳችሁ ይችላል።

ማክና ሊኑክስ ላይ ለምትሠሩ ነገሩ ያው ነው። ፋይሉን ሁሉ 777 ማድረግ፣ ማለትም ለማንም ሙሉ ፈቃድ መስጠት፣ የ«ኤቭሪዋን» ወንድም ነው። ያለ ምክንያት በ«ሱዶ» (በሙሉ ሥልጣን በሚያሠራው ትእዛዝ) መጫንም በኋላ ዋጋ ያስከፍላል፤ ፋይሎቹ የሩት (የሙሉ ሥልጣን ባለቤቱ አካውንት) ይሆኑና በማግስቱ በራሳችሁ አካውንት ስትሞክሩ እንደገና ትከለከላላችሁ። ማክ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2015ቱ ኤል ካፒታን ጀምሮ ሩትም ቢሆን የሲስተሙን ዋና ፎልደሮች እንዳይነካ ታግዷል። እዚያ ውስጥ ልጻፍ የሚል ኢንስቶለር ካጋጠማችሁ አዲስ ቨርዥን ፈልጉለት።

ተጭኖ ሲያልቅ ለጊዜው የከፈታችሁትን ዝጉ። ከዚያ በተጠቃሚው አካውንት ግቡና ሶፍትዌሩን ክፈቱት፤ ፋይል ሴቭ አድርጉ፣ ፕሪንት ሞክሩ። በአድሚን የሚሠራ፣ በተጠቃሚው ግን የማይሠራ የቆየ ሶፍትዌር ብዙ ነው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ዳታውን ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ባለው የራሱ ፎልደር ላይ ለመጻፍ መሞከሩ ነው። ሴቲንጉ ከፈቀደ ዳታውን ወደ ተጠቃሚው ፎልደር አዙሩለት። ካልፈቀደ ደግሞ ለዚያ የዳታ ፎልደር ብቻ፣ ለዚያ ተጠቃሚ ብቻ፣ የ«ሞዲፋይ» (የማንበብ፣ የመቀየርና የማጥፋት) ፈቃድ ስጡ። የሰጣችሁትንም ቀኑን ጠቅሳችሁ በጽሑፍ አስቀምጡ፤ ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ባለሙያ ያንን ፈቃድ ሲያይ ለምን እንደተሰጠ ማወቅ አለበት።