ቋንቋው አለኝ፣ ክፍል ግን አላገኘሁም፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

የግል ትምህርት ቤቶች ለመስከረም የሚያስፈልጋቸውን መምህር መፈለግ የሚጀምሩት በግንቦት ነው። በዚህ ሰሞን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ውስጥ ብዙዎቹ የውጭ ቋንቋ አስተምረው መኖር የሚፈልጉ ሰዎች የጻፏቸው ናቸው። አምስቱን እነሆ።

«በፈረንሳይኛ ቋንቋ በዲግሪ ተመርቄያለሁ። ከተመረቅሁ ጀምሮ ማስታወቂያ ብከታተልም የፈረንሳይኛ መምህር የሚፈልግ እምብዛም አላየሁም። ሙያ ልቀይር?» (ከአዲስ አበባ)

ሙያህን አትቀይር፤ የፍለጋህን መንገድ ግን ቀይር። ፈረንሳይኛ የሚሰጡ ትምህርት ቤቶች ጥቂት ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም የሚያስፈልጋቸው አንድ ወይም ሁለት መምህር ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ጋዜጣ ላይ ሳይወጣ በትውውቅ ይሞላል። ስለዚህ ቋንቋውን የሚያስተምሩትን ትምህርት ቤቶች ለይተህ ራስህ ሂድባቸው። ማስረጃህን ለጥበቃ ሰጥተህ አትመለስ። ርዕሰ መምህሩን ወይም የቋንቋ ክፍሉን ኃላፊ አግኝና «አንድ ክፍለ ጊዜ ላስተምርና ተመልከቱኝ» በላቸው። ርዕሰ መምህሩ ራሱ ፈረንሳይኛ ላይችል ይችላል፤ ልጆቹ አፋቸውን ፈተው ሲናገሩ ማየት ግን ማንም ይችላል። የሚያስቀጥርህ ይህ ነው።

ሌላው ነገር የፈተና ማስረጃ ነው። ዲግሪህ ያኔ የነበረህን ችሎታ ይመሰክራል፤ የዛሬውን የሚያሳየው ፈተና ነው። የፈረንሳይኛ ችሎታ ከጀማሪው ኤ1 እስከ ከፍተኛው ሲ2 በደረጃ ይመዘናል፤ ከኤ1 እስከ ቢ2 ያለው ፈተና ዴልፍ፣ የሲ1 እና የሲ2 ደግሞ ዳልፍ ይባላሉ። አገልግሎቱ በ2 ዓመት ከሚያበቃው የእንግሊዝኛ ፈተና ከአይኤልትስ በተለየ፣ አንዴ ካለፍክ ዲፕሎማው ለዘለቄታው ያንተ ነው። እኔ ብሆን ሲ1ን ሳልይዝ ለመምህርነት አላመለክትም። በአዲስ አበባ ከ1907 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የፈረንሳይኛ ቋንቋና ባህል ማዕከል አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ መረጃውን ይሰጥሃል። ድሬዳዋም አሊያንስ አላት፤ ባቡሩ ፈረንሳይኛን ወደዚያች ከተማ ካስገባው ብዙ ዘመኑ ነውና ሰሜን ሆቴልና ቦሌ ብቻ አትፈልግ።

«ቤይሩት ዘጠኝ ዓመት በቤት ሠራተኝነት ኖሬ ተመልሻለሁ። ዓረብኛን እንደ አማርኛ እናገራለሁ። የተማርኩት እስከ 10ኛ ክፍል ነው። ትምህርት ቤት ሄጄ ሥራ ስጠይቅ ‹ማንበብ ትችያለሽ?› ሲሉኝ አፍሬ ወጣሁ። ለእኔ የሚሆን ቦታ የለም ማለት ነው?» (ከደሴ)

እህቴ፣ የሚያሳፍርሽ ነገር የለም። ያለ መምህርና ያለ መጽሐፍ፣ ያውም በዚያ ሁሉ ድካም መካከል፣ ቋንቋ አጣርቶ መያዝ ትልቅ ችሎታ ነው። እውነቱን ግን ልደብቅሽ አልፈልግም፤ አንቺ የምትናገሪው የሊባኖስን የዕለት ተዕለት ዓረብኛ ነው። ትምህርት ቤት የሚሰጠው ደግሞ ፉስሓ የሚባለው፣ ዜና የሚነበብበትና መጽሐፍ የሚጻፍበት ዓረብኛ ነው። የሊባኖስ ልጆችም ቢሆኑ ፉስሓን የሚማሩት ትምህርት ቤት ገብተው ነው። በዚያ ላይ መደበኛ ትምህርት ቤት ያለ ዲፕሎማ ወይም ዲግሪ አይቀጥርሽም። የማታ ትምህርት ጀምረሽ 12ኛን ብትጨርሺ በሩ ቀስ በቀስ ይከፈታል።

እስከዚያው ግን እጅሽን አጣጥፈሽ አትቀመጪ። የዓረብኛ ፊደላት 28 ናቸው፤ የቃላቱን ትርጉም ለምታውቅ ሴት ማንበቡ ከጀማሪ ይልቅ እጅግ ይቀላል። ያለሽው ደግሞ ወሎ ውስጥ ነው። ቁርኣን ቤት ተምረው ጽሑፉን አሳምረው የሚያነቡ፣ መናገር ግን የሚቸግራቸው ሰዎች በሰፈርሽ አይጠፉም። አንቺ የጎደለሽ እነርሱ ዘንድ አለ፤ እነርሱ የጎደላቸው አንቺ ዘንድ አለ። ከአንዷ ጋር ተቀምጣችሁ ተማማሩ።

ከሁሉ በላይ የምመክርሽ ግን ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ለሥራ ለሚሄዱ ሰዎች የቅድመ ጉዞ ሥልጠና የሚሰጡ ተቋማትን እንድትጠይቂ ነው። አንዲት ልጅ ሰው ቤት በገባች በመጀመሪያው ሳምንት የትኛው ዓረፍተ ነገር እንደሚያስፈልጋት አንቺ ታውቂያለሽ። «ሕፃኑ ትኩሳት አለበት»፣ «ይህ የማጽጃ ኬሚካል እጄን አቃጠለኝ»፣ «ደመወዜ አልተከፈለኝም»፣ «ስልኬን ስጡኝ»፣ «ሐኪም ቤት ውሰዱኝ» የሚሉትን ጻፊና አሠልጣኞቹን እንዲህ አስተምራለሁ ብለሽ አሳዪያቸው። ይህን በዲግሪ ብቻ ማንም አይደርስበትም። የሳውዲና የኩዌት አነጋገር ከሊባኖሱ እንደሚለይ ግን ቀድመሽ ንገሪያቸው፤ የሚሄዱት ልጆች እዚያ ደርሰው ግራ እንዳይጋቡ።

«እንግሊዝኛ ለማስተማር አመልክቼ የጽሑፉንም የቃሉንም ፈተና አለፍኩ። በመጨረሻ ‹ወላጆች የውጭ ሰው ይመርጣሉ› ተብዬ ተመለስኩ። ሕግ ይህን ይፈቅዳል?» (ከአዳማ)

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ በሠራተኞች መካከል እንዳያዳላ ይከለክላል። ገና ያልተቀጠረ አመልካች፣ ያውም በቃል ብቻ የተነገረውን ይዞ፣ መከራከሩ ግን ከባድ ነው። ጉልበትህን ሌላ ትምህርት ቤት ላይ ብታውለው እመርጣለሁ።

አስተሳሰቡ ግን ያሳዝነኛል፤ ታሪካችንንም የረሳ ነው። በአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሆነው ዳግማዊ ምኒልክ በ1908 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ያስተማሩት ከግብጽ የመጡ የቅብጥ መምህራን ነበሩ። ፈረንሳውያንም እንግሊዛውያንም አልነበሩም፤ ሁለቱንም ቋንቋ ራሳቸው በትምህርት ያገኙ ሰዎች ናቸው። ቋንቋን ተምሮ ያወቀ ሰው ተማሪው የት ላይ እንደሚወድቅ ያውቃል። አማርኛም ኦሮምኛም ግሥን ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ያስቀምጣሉ፤ የአዳማ ልጅ እንግሊዝኛ ሲጽፍ ለምን እንደዚያ እንደሚያዞረው አንተ ወዲያው ይገባሃል። በሚቀጥለው ቃለ መጠይቅ የተማሪዎችህን ደብተር ይዘህ ግባ፤ በዓመቱ መጀመሪያ የጻፉትንና በመጨረሻው የጻፉትን ጎን ለጎን አድርገህ አሳይ።

«በግል ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። በየዓመቱ የ10 ወር ውል ያስፈርሙኛል፤ ሐምሌና ነሐሴ ደመወዝ የለኝም። ጡረታም አይቆረጥልኝም። አራተኛ ዓመቴ ነው።» (ከሐዋሳ)

መምህር፣ በአዋጁ መሠረት ሕጉ ለይቶ ከጠቀሳቸው ሥራዎች በስተቀር የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል። በየዓመቱ በዚያው ክፍል፣ ያንኑ ትምህርት የሚያስተምር ሰው ጊዜያዊ ነው ማለት ለእኔ አይዋጥልኝም። ጡረታውስ አያከራክርም፤ በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣሉ። መጀመሪያ ለአስተዳደሩ በጽሑፍ ይጠይቁና ግልባጩን ያስቀምጡ። ካልሆነ የሥራና ክህሎት ቢሮ ይሂዱ። አይዘግዩ፤ ያልተከፈለ ደመወዝን የመጠየቅ መብት በ6 ወር በይርጋ ይታገዳል። ቢለቁ እንኳ የሥራ ልምድ ማስረጃዎን ያለ ክፍያ ሊሰጡዎት ይገደዳሉ። በዚህ የሚያስፈራራዎት ካለ አይስሙት።

«ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የቻይንኛ አስተርጓሚ ነኝ። ማስተማር እወዳለሁ፤ ደመወዙ ግን ያንሳል ይሉኛል።» (ከዱከም)

እውነታቸውን ነው፤ ያንሳል። ሥራሽን ሳትለቂ ቅዳሜና እሑድ አስተምሪና ልብሽ እዚያው መሆኑን እዪ። የቻይንኛ ችሎታ መመዘኛውን ኤችኤስኬን ውሰጂ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለውን የኮንፊሽየስ ኢንስቲትዩት ብትጠይቂ የፈተናውን ጊዜ ይነግሩሻል። ዓመቱን ሙሉ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ክፍሉ የሚናፍቅሽ ከሆነ ያን ጊዜ ስለ ደመወዙ እንደገና ጻፊልኝ።