አንድ ፊደል፣ ሦስት ባይት

እህቴ፣ «በድረ ገጻችን ቅጽ የሚላክልን ረጅም የአማርኛ ጽሑፍ መሀል ላይ ይቆረጣል፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈው ግን ያንኑ ያህል ረዝሞም ሙሉውን ይገባል፤ ቅጹ አማርኛ ይጠላል እንዴ?» ብለሻል። አይጠላም፤ ይከብደዋል እንጂ። ፊደላት በኮምፒውተር ውስጥ በሚቀመጡበት በዩቲኤፍ-8 ሥርዓት አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት (የማከማቻ መለኪያ) ሲይዝ የእኛ «ሀ» ሦስት ይይዛል።

እኔም ደርሶብኛል። አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ ቢሮ ተቀጥሬ ስሠራ ለአጭር ልቦለድ ውድድር መቀበያ ቅጽ አዘጋጅቼ ነበር። ውጤት ከተነገረ በኋላ አንድ አዛውንት ክላሴር በብብታቸው ይዘው፣ አራት ፎቅ በደረጃ ወጥተው መጡ። ሊፍቱ በመብራት መጥፋት ቆሟል። «ልጄ፣ ዳኞቹ መጨረሻ የለውም አሉኝ፤ መጨረሻው ይኸው» ብለው የታተመውን ገለጡልኝ። መብራት ሲመጣ ዳታቤዙን ከፍቼ አየሁ። የመጨረሻዎቹ ቃላት «በሩን ከፈ» ይላሉ። ማን ከፈተው፣ ማን ገባ፣ የለም።

ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል የሚባለው ነበር፤ ጽሑፍ የሚቀመጥበት «ቴክስት» የሚባለው ዓምዱ የሚይዘው 65,535 ባይት ነው፤ በእኛ ፊደል ቢበዛ 21,845 ማለት ነው። አሮጌው ዳታቤዛችን ከልክ ያለፈውን አልቀበልም የሚለው ጥብቅ ቁጥጥሩ («ስትሪክት ሞድ») ስላልበራ ትርፉን ያለ ስሕተት መልእክት ይጥለዋል። አዛውንቱን ግን «ጽሑፍዎ በተሳካ ሁኔታ ደርሶናል» ብሏቸዋል። ከመቆረጡ ይልቅ ዛሬም የሚያሳፍረኝ ይህ ዐረፍተ ነገር ነው፤ የጻፍኩት እኔ ነኝና።

ስለዚህ ዓምዱን ወደ «ሚዲየምቴክስት» ቀይሪው፤ 16 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። ጥብቅ ቁጥጥሩንም አብሪው። ከዚያ እስካሁን ከገቡት ውስጥ ርዝመታቸው ከ65,530 ባይት በላይ የሆኑትን ፈልጊ። ስትፈልጊ «ሌንግዝ» በሚለው ትእዛዝ ተጠቀሚ፤ ባይት የሚቆጥረው እሱ ነው። የተቆረጡት እነዚያ ናቸው፤ ላኪዎቹን ደውሎ ከመለመን ሌላ መፍትሔ የላቸውም።

አንዳንዱ «የፊደል ገደብ በቅጹ ላይ አድርጊ» ይልሽ ይሆናል። አልወደውም። ሰው ከሌላ ቦታ ቀድቶ ሲለጥፍ ብራውዘሩ ትርፉን በዝምታ ይቆርጠዋል፤ ያው ጥፋት ቦታ ቀየረ እንጂ አልቀረም። የፊደሉን ቁጥር አሳዪ፣ ሲያልፍ በቀይ ጻፊ፣ መላክ ከልክዪ፤ ጽሑፉን ግን አትንኪ።

ቅጹ በ«ጌት»፣ ማለትም ጽሑፉን በድረ ገጹ አድራሻ ላይ ቀጥሎ የሚልክ ከሆነ ዛሬውኑ ወደ «ፖስት» አዙሪው፤ ፖስት ከአድራሻው ለይቶ ይልከዋል። በፖስትም ቢሆን ተራው የአላላክ ዘዴ የእኛን ፊደል እያንዳንዱን ባይት በሦስት ምልክት ስለሚጽፈው አንድ ፊደላችን በመንገድ ላይ ዘጠኝ ይሆናል፤ «መልቲፓርት» የሚባለው ሌላው የፖስት አላላክ ግን ሦስቱን እንደ ሦስት ይወስዳል። የድረ ገጹን ጥያቄዎች የሚቀበለው ሰርቨር ኤንጂን ኤክስ ከሆነ፣ እሱም ካልተነገረው በቀር ከ1 ሜጋባይት በላይ አይቀበልም፤ 413 የሚል ገጽ ያየሽ እንደሆነ እሱ ነው።

ሌላው በይለፍ ቃል መግቢያው ነው። ድረ ገጹ የተሠራበት ቋንቋ ፒኤችፒ ከሆነና እንዳለ ከተተወ የገባን ሰው ከ24 ደቂቃ ዝምታ በኋላ ሊረሳው ይችላል። አንድ ሰዓት እዚያው ሳጥን ውስጥ ሲጽፍ የቆየ ሰው «ላክ» ሲል የይለፍ ቃል ይጠየቃል፤ ጽሑፉም ይጠፋል። በየጥቂት ሴኮንዱ በብራውዘሩ ማከማቻ እንዲቀመጥ አድርጊ፤ መብራት ሄዶ ሲመለስም ያገኘዋል። ከተቀባዩ በኩል «ደርሷል» የሚል መልስ ሳይመጣ ደግሞ አይሰረዝ።