መልስ፦ እርጉዝ ሆኜ ጤና አዳም በቡና ልጠጣ ወይ?

እህቴ፣ የ4 ወር እርጉዝ ነኝ፣ ሆዴን ሲቆርጠኝ አማቴ ጤና አዳም በቡና ጠጪ አሉኝ ላልሽው፣ እባክሽ አሁን ይቅርብሽ። እኔም ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው፣ ከጓሯችን ጤና አዳም ጠፍቶ አያውቅም፣ ያቺ ቢጫ አበባዋ ስትፈካ ሽታዋ እስከ በር ይመጣል፣ እና አማትሽ ክፉ አስበው አይደለም፣ ለቁርጠት ቅጠሉን ከነጭ ሽንኩርት ጋር ማኘክ ወይ ቅንጥብ አርጎ ሲኒ ውስጥ መክተት ከድሮም ያለ ነው። ግን ተክሉ ማህፀን ያኮማትራል፣ ድሮ በብዙ አገር ፅንስ ለማስወረድ ሁሉ ይጠቀሙበት ነበር፣ ስለዚህ ለእርጉዝ በፍጹም አይሆንም። ጭማቂው ራሱ ቆዳ ነክቶ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ እኔ ልጅ ሆኜ ስቆርጥ ውዬ ክንዴ ላይ የወጣብኝ ጠባሳው ዛሬም አለ።

ዳማከሴ ደሞ ሌላ ነው፣ እሱ ለምች በእጅ ታሽቶ የሚሸተተውና ፊት የሚቀባው ነው፣ እንዳይምታታብሽ። ቁርጠቱ ከተመላለሰ ወይ ደም ካየሽ ግን ነገ ሳትዪ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂጂ፣ የጠጣሽው ካለም ሳትደብቂ ንገሪያቸው እሺ የኔ እህት።